የኋላው ተሸካሚ

ኳንግ ሺገንን «ወንበር መሸከም ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካለ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ትከሻዬን ጠይቀው» ይላል። እውነትም በቀኝ ትከሻው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጠንካራ ጉብታ አብቅሎ ነበር።

ተወልዶ ያደገው ከቺንግኮው ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ወታደሮች መጥተው ከበቆሎ ማሳ ውስጥ ጎትተው አወጡት፤ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር በአንድ ገመድ አስረው የጥይት ሣጥን አሸከሙት። መንገድ ላይ የወደቀ እዚያው ገደል ውስጥ ቀረ። ሺገን አልወደቀም። ጦሩ ቺንግኮው ሲገባ አንድ የግቢ አዛዥ አካሄዱን ተመለከተና፣ «ይኼ ልጅ ውኃ የሞላ ሣህን አናቱ ላይ ቢያስቀምጡበት ጠብታ አያፈስም» ብሎ ከፊትና ከኋላ ሰው በአጣናና በትከሻ ጠፍር ከሚሸከመው የጌታው ባለመጋረጃ ወንበር ሥር አስገባው።

በዚያ ዘመን በሲቹዋን ምድር ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ሌላ ጄኔራል፣ ሌላ ግብር፣ ሌላ የወረቀት ገንዘብ ነበር። ቺንግኮውም ስትያዝና ስትለቀቅ ኖረች። ጌታው ሲባረር ወይም ሲገደል ሌላው ይተካል፤ የወንበሩ ቀለም ይቀየራል፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ሺገን ግን ያው ሺገን ነው። ይህ ነገር በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ጌታ ጄኔራል ሚያኦ ይባል ነበር።

ሺገን የኋላ ተሸካሚ ነው። የኋላ ተሸካሚ ደግሞ ዕውር ማለት ነው። ዓይኑ ፊት የተገተረው የወንበሩ ጀርባ ስለሆነ እግሩ ምን ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀው የፊተኛው ሲጠራለት ብቻ ነው። የእሱ ፊተኛ ፔይ የሚባል ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠው ሺገን «ጋሼ ፔይ» ይለዋል። ፔይ ኩሬ ሲያይ፣ «ሰማዩ ጠራ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሺገን ከኋላ፣ «መሬቱ ኩሬ ሠራ!» ይላል፤ መስማቱ በዚህ ይታወቃል። የጎሽ እበት ከተዘረገፈ፣ «አበባ በመንገድ!»፣ «እይ እንጂ አትውደድ!» ይባባላሉ። ዳገት ሲጀምሩ ደግሞ፣ «ደረጃው ቀና!»፣ «ጉልበትህን አጽና!»። ቺንግኮው ላይ ከወንዙ እስከ ትልቁ የጄኔራሉ ግቢ ድረስ ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሆነ አራት ተሸካሚ አይዞርበትም፤ ጄኔራሉም ከአራት ደካማ ሁለት ብርቱ ይሻለኛል ይል ነበር። ፊተኛ ሆኖ መንገድ ያልጠራ ሰው በተሸካሚዎች ዘንድ ከሌባ አይሻልም። ፔይ አንድም ቀን ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም።

በብርዱ ወራት፣ ጉሙ ከወንዙ ላይ አልነሳ በሚልበት ሰሞን፣ የጄኔራሉ ምክትል ኮሎኔል ቱ ለተወለደ ልጁ የአንድ ወር መሙያ ድግስ ደገሰ። ቱና ሚያኦ የዶሮ ደም የተቀላቀለበት አረቄ ጠጥተው የተማማሉ የመሐላ ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ለልጁ ደግሶ ታላቁ ሊቀር አይችልም።

በማለዳ የሺገን ሚስት ሩላን አኩሪ አተሯን በወፍጮው ድንጋይ እየፈጨች ነበር። ጨው ሰፈር በምትባለው መንደር ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ሠርታ ትሸጣለች።

«ድግስ ቤት ነው የምትውለው አሉ» አለችው።

«የጌቶቹ ድግስ ነው እንጂ የእኔ መች ሆነ።»

«ትርፍራፊ አይጠፋም። የአሳማ ሥጋ ከደረሰህ ለልጅቷ በቅጠል ጠቅልልላት። መንገድ ላይ እንዳትጨርሰው ደግሞ!»

«እኔ ሽታውን ብቻ ነው የምበላው።»

«ሽታውንም ተወው!» አለችና በእርጥብ እጇ ጀርባውን መታችው።

ጄኔራሉን አሳፍረው ከትልቁ ግቢ ሲወጡ በሩ ላይ እንደ ወትሮው ሳጅን ሁዎ ቁጭ ብሎ የሣር ጫማ እየጎነጎነ ነበር። ሁዎ ያረጀ ወታደር ነው፤ ጥርሱ አልቋል፤ ስድቡ ግን አላለቀም። ሩላን ምጥ ላይ በነበረች ጊዜ ሺገን ከግቢ እንዳይወጣ ተከልክሎ ሲንቆራጠጥ፣ በጓሮው በር አስወጥቶት በምትኩ ጅራፍ የቀመሰው ይኸው ሽማግሌ ነው። ያን ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳውም።

«በሬዎቼ! የት ልትጠመዱ ነው?» አላቸው።

«ለድግስ ነው፣ አያ ሁዎ» አለ ሺገን።

«እንግዲያው እንደ ሰው ብሉ፤ እንደ በሬ አታመንዥኩ።»

የኮሎኔል ቱ ቤት በቀይ ፋኖስ አጊጧል። ደጃፉ ላይ በቀይ ቀለም የተነከረ እንቁላል በቅርጫት ሞልቶ ተቀምጧል። መለከትና ከበሮ ይሰማል። ኮሎኔሉ ራሱ ወጥቶ ጄኔራሉን እጁን ይዞ አስገባው። አጃቢዎቹን ደግሞ አንድ አዛዥ፣ «አራስ ልጅ ባለበት ቤት ብረት አይገባም፤ ጠመንጃችሁን እዚህ አስደግፉና ኑ፣ አረቄው እየሞቀ ነው» ብሎ ወደ ጎን ክፍል ወሰዳቸው። ወጣቶች ናቸው፤ እየተሳሳቁ ገቡ።

ተሸካሚዎቹ ውስጠኛው ግቢ ውስጥ ወንበሩን አስቀምጠው ቀሩ። ፔይ ጥግ ይዞ ጋያውን ለኮሰ። ሺገን ግን ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰምና ሆዱ ይጮህ ነበር። እንደ ልማዱ በቤቱ ጎን ዞሮ ወደ ማድቤቱ ሄደ። በድግስ ቀን ማድቤት ደጃፍ የቆመ ተሸካሚ አንድ ጎድጓዳ ሣህን ሩዝና ከላዩ የፈሰሰ መረቅ አያጣም።

ማድቤቱ ደጃፍ ሲደርስ የሆነ ነገር ከበደው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆመ። ሽታ አልነበረም። ነጭ ሽንኩርት የለ፣ የሚንጣጣ ስብ የለ፣ የሚጮኽ ወጥ ቤት የለ። አንገቱን አስግጎ አየ። ትልቁ ምድጃ ቀዝቅዟል። አመዱ ላይ አንድ ግራጫ ድመት ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ቀስ ብሎ ተመለሰና ፔይ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ ፔይ፣ ማድቤቱ ውስጥ እሳት የለም።»

«ታዲያ ማገዶ ልትሰነጥቅላቸው አማረህ?»

«ቀልድ አይደለም። ምድጃው ላይ ድመት ተኝቶበታል።»

ፔይ ጋያውን ከአፉ አወጣ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ወረደ። ዞር ብሎ የውጭውን በር አየ። ተዘግቷል፤ በሩ ላይ ሲገቡ ያልነበሩ ሰዎች ቆመዋል።

«ምንም አላየህም» አለ ፔይ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ቁጭ በል። ትንባሆ ሙላ።»

ሺገን ስለ ጄኔራል ሚያኦ አልነበረም የፈራው። ሚያኦ ኖረ ሞተ ትከሻው ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ዓይኑ ላይ የመጣው ሚያኦ ራሱ ከተማዋን የያዘ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ወታደሮቹ ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ከተማዋ ራሷ እንደ ደመወዝ ተሰጠቻቸው። ጨው ሰፈር ነደደ። የሩላን አባት የሱቁን መዝጊያ ሳንቃ በሁለት እጁ እንደያዘ ሞቶ ተገኘ። ዛሬም ሩላን ወፍጮው ላይ ናት፤ ልጅቷም እግሯ ሥር ናት፤ እሱ ደግሞ እዚህ ታጥሯል።

ርችት ተተኮሰ። ለድግስ የተገዛ ርችት ነው፤ በረጅም እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ተንጣጣ፤ ግቢው በጭስ ተሞላ። በርችቱ መሐል ግን የርችት ያልሆነ ድምፅ ነበር። ወፈር ያለ፣ ደረቅ ድምፅ። አጃቢዎቹ ከገቡበት ክፍል አንድ ሰው እናቱን ጠርቶ ጮኸ። ከዚያ መለከቱ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ፔይ ዓይኑን ጨፈነ። ሺገን መሬት መሬቱን አየ።

ጭሱ ሳይጠራ ከአዳራሹ አንድ ሰው ወጣ። ሺገን በመጀመሪያ ጄኔራሉ መሰለው፤ የቀበሮ ጠጉር አንገትጌ ያለው ጥቁር ካባ ለብሷል፤ ባርኔጣውም የጄኔራሉ ነው። ሲጠጋ ግን ከካባው ውስጥ ያለው የኮሎኔሉ ሰው፣ ሻምበል ጂ ሆኖ ተገኘ። ከኋላው የአጃቢዎቹን ልብስ የለበሱ ሰዎች ተከተሉት። የአንደኛው እጅጌ ላይ ያለው ነጠብጣብ ገና አልደረቀም።

«ተነሱ» አለ ሻምበል ጂ። «ወንበሩን አንሱ። ጄኔራሉ ጠጥተው ደክሟቸዋል፤ ወደ ግቢያቸው መመለስ ፈልገዋል። ጄኔራሉ እኔ ነኝ። ገባችሁ?»

ፔይ ሲፈራ ምላሱ ያመልጠዋል። «ከሰዓት በኋላ ቀለል ብለውልናል፣ ክቡር ጄኔራል» አለ።

ሻምበሉ በጥፊ አጮለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈገግ አለ። «አንተ ነህ ቀልደኛው? ጥሩ። እንደ ሁልጊዜው እየጠራህ ትሄዳለህ። ከተማው ሁሉ ድምፅህን ያውቃል። ሽጉጤ ጀርባህ ላይ ነው።» ወደ ሺገን ዞረ። «አንተ ደግሞ ጨው ሰፈር ቶፉ የምትሸጥ ሚስት አለችህ አሉኝ። ሴት ልጅም አለችህ። ግቢው ከገባን ማታ እቤትህ ነህ።»

«በሩ ላይ...» አለ ሺገን ወደ ወንበሩ እየሄደ። «በሩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ጌታዬ።»

«ሽማግሌው? እሱን ለእኛ ተዉት። ድምፅ እንኳ አይሰማም።»

ወንበሩን አነሱ። መጋረጃው ወረደ።

ሺገን በዚያ ደረጃ ላይ በየቀኑ ወጥቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆኖበት አያውቅም። ሻምበሉ ከጄኔራሉ ስለሚቀል የጠፍሩ ሸክም ቀሎታል። ከግራ ጎኑ እጅጌው ደም የነካው ሰው እኩል ይራመዳል። ፊት ለፊቱ የወንበሩ ጀርባ ነው። ከዚያ ወዲያ የፔይ ድምፅ ይሰማል።

«ሰማዩ ጠራ!»

«መሬቱ ኩሬ ሠራ!»

የፔይ ድምፅ ደርቋል፤ ግን ይጣራል። ባለሱቆች ከደጃፋቸው ተነስተው አጎነበሱ። አንዱ፣ «ለክቡር ጄኔራል ረጅም ዕድሜ!» አለ። ከወንበሩ ውስጥ የሰከረ ሰው ጉርምርምታ ወጣ። ሻምበል ጂ ጨዋታውን ያውቅበታል። በሻይ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ሺገን ከጎን ዓይኑ አየ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ግን የሚያወራ ሰው የለም፤ ሁሉም በዚያ ብርድ የረጅም ካባቸውን ቁልፍ ፈትተው፣ እጃቸውን ከካባው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። የኮሎኔል ቱ ሰዎች ናቸው። በሩ ሲከፈት ተከትለው ሊገቡ ነው።

ወደ ጨው ሰፈር የምትወስደዋን መታጠፊያ አለፉ። የተቃጠለ አኩሪ አተር ሽታ አፍንጫውን መታው፤ የሩላን ጎረቤት ሁልጊዜ ታሳርረዋለች። ሺገን በልቡ ሒሳብ ሠራ። የግቢው ጠባቂዎች ካወቁ ይዋጋሉ። ከተዋጉ ውጊያው ይሰነብታል። ከሰነበተ ወታደሩ ከተማው ላይ ይለቀቃል። ካላወቁ ግን ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ጌታ በጌታ ይተካል፤ ነገ ሩላን ቶፉዋን ትሸጣለች። ዋጋው አንድ ሽማግሌ ነው። አርጅቷል። ልጅ የለው፣ ሚስት የለው። እንዲህ እያለ ራሱን እያሳመነ ወጣ፤ ግማሽ መንገድ ድረስም ሊያምን ምንም አልቀረውም።

«ደረጃው ቀና!»

«ጉልበትህን አጽና!»

የመጨረሻው ደረጃ ነው። ጉሙ እዚህ ይበረታል፤ ድንጋዩ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ከላይ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

«በሬዎቼ! በጊዜ መጣችሁሳ! ድግሱ አላማረም እንዴ?»

ፔይ መልስ አልሰጠም።

«ምነው ፔይ፣ አፍህን ሥጋ ሞላው? ቀስ በሉ፣ ዛሬ ደረጃው ያዳልጣል። ቆይ፣ ቆይ፣ ልያዝላችሁ።» የሣር ጫማው ኮሽ ኮሽ እያለ ሲወርድ ተሰማ። ሁዎ ወንበሩን ሊደግፍ እየመጣ ነው፤ እንደ ልማዱ ጠመንጃውን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ ባዶ እጁን።

ከሺገን ጎን ያለው ሰው አንድ ደረጃ ቀደመ። ከእጅጌው ውስጥ አጭር ስለት ወጣች።

ሺገን ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነገር በዕድሜው ሙሉ አስቦበታል፤ ያኔ ግን አላሰበም። ሩላንን አላሰበም፤ ፔይንም አላሰበም። ትከሻውን ከአጣናው ሥር አወጣና ጠፍሩን ለቀቀው።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። የፊት አጣናው ወደ ሰማይ ሲነሳ ጠፍሩ ፔይን አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው። ሺገን የአጥንት ስብራት ድምፅ ሰማ። ሻምበል ጂ ከነመጋረጃው እየተንከባለለ ወጣ፤ ሽጉጡ ወደ ሰማይ ባረቀ፤ የጄኔራሉ ባርኔጣ ደረጃውን ተንከባልሎ ወረደ፤ የተላጨ ወጣት ራስ በጉሙ ውስጥ ተጋለጠ።

«ይኼ ማነው?!» አለ ሁዎ።

ባለስለቱ ሰው ተወረወረበት። ሁዎ ግን ሽማግሌ ይሁን እንጂ ወታደር ነው፤ ክንዱን አስቀደመ። ስለቷ ክንዱን ቀደደችው፤ እሱ ወደ ኋላ እየተጎተተ ደፉን ተሻገረ። ከውስጥ ያሉት ተኩሱን ሰምተው ነበርና በሩ በላዩ ላይ ሊዘጋበት ምንም ሳይቀረው ገባ። ግዙፉ መዝጊያ ተጋጠመ። ወዲያው ከግንቡ ላይ መትረየሱ ማሽካካት ጀመረ።

ሺገን ፔይን በብብቱ ይዞ ከተገለበጠው ወንበር ሥር ጎተተው። ጥይት የወንበሩን ቀለም ይልጠው ነበር። ከሻይ ቤቱ የወጡት ሰዎች ከታች፣ ጠባቂዎቹ ከላይ ይተኩሳሉ፤ ሁለቱ ተሸካሚዎች መሐል ላይ ናቸው። አንድ ብርቱካን ሻጭ ሴት ቅርጫቷን ጥላ ልትሮጥ ስትል ተመታች። ብርቱካኖቹ በደረጃው እየዘለሉ ወረዱ።

«ገደልከኝ» አለ ፔይ። የግራ ትከሻው ወደ ታች ወድቋል፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

«አያ ሁዎን ሊወጉት ነበር።»

«አየሁ። እኔ ነኝ ፊት ያለሁት፣ ከአንተ በፊት አየሁ።» ትንፋሹን እየቆራረጠ ተናገረ። «እኔን ማን ነገረኝ? ስንት ዓመት ዓይንህ ሆኜ! ኩሬ ስነግርህ፣ እበት ስነግርህ! አንዴ፣ አንዴ እንኳ ‹ልለቅ ነው› አትለኝም?»

ሺገን በደህናው ጎኑ ደገፈው። ከደረጃው ጎን ወዳለው የጎርፍ ቦይ ይዞት ገባ፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተጋድመው ዋሉ። ወደ ማታ ተኩሱ ሲበርድ የኮሎኔሉ ሰዎች አገኟቸው፤ በእግራቸው እየጎተቱ ወደ ሻይ ቤቱ ወሰዷቸው።

ኮሎኔል ቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቀይ እንቁላል እየላጠ ነበር። የልጁ ድግስ እንቁላል ነው። ሻምበል ጂ ወገቡን ይዞ አጠገቡ ቆሟል።

«ልተኩስባቸው፣ ጌታዬ» አለ ጂ።

«ቆይ።» ኮሎኔሉ ሺገንን አየው። «አንተ ነህ የኋላው? ወንበሩን ጣልከው ይላሉ።»

ሺገን «አዳለጠኝ» ለማለት አሰበ፤ ግን ራሱም አላመነውም፤ ምላሱ አልተነሳም። ጨው ሰፈር፣ ቶፉ፣ ሴት ልጅ የሚለው የሻምበሉ ቃል ጆሮው ላይ ይጮህ ነበር። ኮሎኔሉ እንቁላሉን አስቀመጠ።

«እሱ ምን ያውቃል፣ ጌታዬ?» አለ ፔይ ከመሬት። ትከሻውን በሌላው እጁ ደግፎ ተንበርክኳል። «የኋላ ተሸካሚ ዕውር ነው። የሚያየው የወንበሩን ቂጥ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጨረሻውን ደረጃ አልጠራሁለትም።»

«ለምን?»

«ሽጉጥ ጀርባዬ ላይ ተደግኖ እንዴት ልጥራ? ሽማግሌው ሲያናግረኝ እንኳ መመለስ አቅቶኝ ነበር፤ እሳቸውን ይጠይቋቸው።» በአገጩ ወደ ሻምበል ጂ ጠቆመ። «ፈራሁ። ድምፄ ጠፋ። በሬው ባዶ ረገጠና ወደቀ።»

ሻምበል ጂ ከንፈሩን ነከሰ። ፔይ መልስ አለመስጠቱ እውነት ነው፤ እሱም ሰምቷል።

«ፊተኛ ሆነህ መንገድ ሳትጠራ ቀረህ?» አለ ኮሎኔሉ። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ የከተማዋ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ቁስለኛ እንዲያወርዱ የተያዙ። ሁሉም አፋቸውን ይዘው ፔይን አዩት።

«አልጠራሁም» አለ ፔይ። አንገቱን ደፋ።

ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደነበር እንጃ። በዚያው ቅጽበት ግን ከግቢው በኩል ነጭ ጨርቅ የያዘ መኮንን መጣና በኮሎኔሉ ጆሮ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። የጠባቂዎቹ አለቆች ዋጋቸውን ተናግረው ነበር፤ ጄኔራላቸው በኮሎኔሉ እጅ ነውና ለማን ብለው ይሞታሉ? የነጋዴዎቹ ማኅበርም ወታደሩ ከተማው ላይ እንዳይለቀቅ ብሩን አዋጥቶ እያመጣ ነበር። ኮሎኔሉ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ፈካ።

«በሩ ከተከፈተ የማን እግር አዳለጠው ምን አገባኝ» አለና እንቁላሉን አነሳ። «ፊተኛውን ግረፉት። ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ ከወንበር ሥር አይግቡ።»

ፔይን እዚያው ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ በተሰበረ ትከሻው፣ በቀርከሃ ገረፉት። ሺገን ቆሞ አየ። እንዲያይ ተደርጓል።

ከተማዋ አልነደደችም። በወንዙ ዳር ያሉ ጥቂት ሱቆች ተዘረፉ፤ ጨው ሰፈር ግን ተረፈች። ጄኔራል ሚያኦን የከተማው ሰው ሞቷል ሲለው በሦስተኛው ቀን ከነቁባቶቹና ከነሣጥኖቹ በእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ ቁልቁል ሄደ፤ ለጋዜጦቹም ጤናው ስለታወከ የቡድሃን መጻሕፍት ሊያነብ መልቀቁን በቴሌግራም አስታወቀ። ጭራሽ በአጀብ ነው የተሸኘው። የሞቱት አጃቢዎቹ፣ ደረጃው ላይ የቀሩት ወታደሮችና ብርቱካን ሻጯ ናቸው። ሳጅን ሁዎን አዲሱ ጌታ አባረረው፤ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄደ። ሲሄድ በጨው ሰፈር አለፈ፤ ሺገንን ግን አላመሰገነውም። «አንተ በሬ» አለው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠፋበትና በደህናው እጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት መንገዱን ቀጠለ።

ሺገን ለሩላን እውነቱን የነገራት ወፍጮውን አብሯት እየገፋ ነው። ሌላው ሁሉ «አዳለጠው» ብሎ ያምናል። እሷ እየሰማች ድንጋዩን ማዞሯን አላቆመችም።

«እኛንም ሊያስገድለን ይችል ነበር» አለች።

«ይችል ነበር።»

«አሰብከን?»

«አላሰብኳችሁም።» ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

ሩላን እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ተናድዳ ይሁን ፈርታ አላወቀም። «ፔይ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እንግዲያው እኔ ፊት ምን ታደርጋለህ? ሂድና እሱ ፊት ቁጭ በል።» ትኩስ ቶፉ በጎድጓዳ ሣህን ጨልፋ፣ ጨውና ዝንጅብል ነስንሳ ሰጠችው።

ፔይ በጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ነበር። ሺገን ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጋሼ ፔይ።»

ሺገን ሣህኑን ይዞ ጠጋ አለ።

«ስምህን በእኔ ምክንያት...»

«ስለወደድኩህ እንዳይመስልህ» አለ ፔይ ለግድግዳው። «አንተን ቢረሽኑ እኔንም ይረሽኑ ነበር። ከሁለት ሞት አንድ ግርፋት ይሻላል ብዬ ነው። ተሸካሚዎቹ ዛሬ ውኃ እንኳ አላቀበሉኝም፤ ‹መንገድ ያልጠራው› ነው የሚሉኝ። ሂድልኝ አሁን።»

«እውነቱን ልንገራቸው።»

«ንገራቸውና ቱ ይስማ፤ ሚስትህንም ያርዳት! ሂድ አልኩህ።»

ሺገን ሣህኑን አልጋው አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ሲመለስ ቶፉው እንዳለ ነው፤ ላዩ ደርቋል። አነሳና አዲሱን አስቀመጠ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ፔይ አያናግረውም፤ እሱም መናገር ተወ። ጎረቤቶች፣ «ይኼ ሰው የጣለውን ሰው እንዴት ይወደዋል!» እያሉ ይገረሙ ነበር፤ የፔይ ጥፋት መስሏቸው ነው። ይህን ሲሰማ ሺገን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሣህኑን ባዶ አገኘው። ፔይ ተኝቷል ወይም የተኛ መስሏል።

የፔይ ትከሻ ጠምሞ ገጠመ። መንቀሳቀስ ሲችል በወንዙ ታች ወዳለችው እህቱ ዘንድ በጨው ጀልባ ሄደ። ሺገን ማቆሚያው ላይ ቆሞ ዕቃውን አቀበለው። ፔይ ተቀበለና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ጀልባው ሲርቅ ሺገን እጁን አነሳ፤ ፔይ አልዞረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፔይ የተሰማ ነገር የለም። ኮሎኔል ቱም ቢሆን አልሰነበተም፤ ቀጣዩ የሩዝ አዝመራ ሳይሰበሰብ ሌላ ጄኔራል ወንዙን ተሻግሮ መጣና አባረረው። አዲሱ ጌታ ወንበር ተሸካሚ ሲፈልግ ሰዎች ሺገንን ጠቆሙት፤ ሺገን እግሬ ያዳልጣል አለና እምቢ አለ። የሩላንን የቶፉ ባልዲዎች በትከሻ እንጨት አንጠልጥሎ በደረጃዎቹ ላይ እየወጣና እየወረደ ሸጠ። ጥሩ ሻጭ አልነበረም፤ መጣራት ያፍር ነበር። ደንበኞቹ በዝግታ የሚወርድ እግሩን ሰምተው ራሳቸው ደጃፋቸው ላይ ይወጡለት ነበር።